መርፌው እስኪይዛት

እርባታው ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ «መርፌ» ነው የሚሉኝ። ግማሹ በሥራዬ፣ ግማሹ በምላሴ የመጣ ስም ነው። የታመመ አሳማ እወጋለሁ፣ ያልታመመም እወጋለሁ፣ የሚለግም ሠራተኛ ሳገኝ ደግሞ በአፌ እወጋለሁ። አልከፋኝም። አሳማን የመሰለ ጉልበተኛ እንስሳ መሃል የሚውል ሰው ለስላሳ ልሁን ቢል አይዘልቅም።

አሳማ ይጣላል። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ጭቃ ላይ ተጋድሞ ከማንኮራፋት ሌላ ሥራ የሌለው ፍጥረት ይመስለዋል። ከተለያየ ጋጣ የመጡትን አንድ ላይ ባስገባሃቸው ቀን ግን አለቃው ማን እንደሆነ እስኪለይ ድረስ ጆሮ ይቦጨቃል፣ ጎን ይተለተላል። ደካማው አንዳንዴ ምንም ሳይነከስ ልቡ ቀጥ ብሎ ይሞታል። ድንጋጤ ብቻውን አሳማ ይገድላል። ማረጋጊያ መርፌ የምንይዘው ለዚህ ነው። ከጆሮው ኋላ፣ አንገቱ ላይ ትወጋዋለህ፤ ትንሽ ቆይቶ ይንገዳገዳል፣ ይጋደማል፣ ተቃቅፎ ይተኛል። ሲነሣ አጠገቡ የተኛው የራሱን ሽታ ይዞ ይጠብቀዋል፤ ጠቡም ይረሳል። ለሰውም እንዲህ ያለ ነገር በተገኘ እያልን እንቀልዳለን።

መድኃኒቱ ከአንተ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝምታ። ከወጋኸው በኋላ ትተኸው ትወጣለህ። አትነካውም፣ አታናግረውም፤ መብራቱን ቀንሰህ በሩን ትዘጋለህ። እግሩ መክዳት ሲጀምር ይፈራልና፣ በዚያች ሰዓት ሰው ከነካካው የሚያረጋጋው መድኃኒት ያሳብደዋል። ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ ይህን የማስተምር እኔ ነኝ። እኔን ያስተማረኝ ደግሞ አጎቴ ነበር። ሕጉን የጣሰውም እሱ ነው።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው። እናቴ ስትሞት ገና ድክ ድክ የምል ልጅ ነበርኩ፤ እሱና ሚስቱ ወስደው አሳደጉኝ። የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም። ሚስቱን «እትዬ» እያልኩ አደግኩ። ልጅ ሆኜ ሌሊት ባንኜ ሳለቅስ የሚነሣው እሱ ነበር። «ተዋት እስቲ፣ አልቅሳ ትተኛለች» ትለዋለች እትዬ። አንድም ቀን ትቶኝ አያውቅም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስለ አሳማዎቹ ያወራልኛል፤ የትኛው እንዳኮረፈ፣ የትኛዋ የማን ገንዳ ላይ እንደተኛች። በዚያ ወሬ መሃል ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።

እርባታው ውስጥ «ሬዲዮ» ይሉታል። ከሰው ጋር ዝምተኛ ነው፤ ከአሳማ ጋር ግን ከጠዋት እስከ ማታ ያወራል። ስለ አየሩ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ ጎረቤት ስላስገባው አዲስ በር። ምሳ ላይ ሠራተኞቹ «ሬዲዮው ዛሬ ምን አለ?» ሲሉት «ዝናብ አለ» ይላል ፊቱን ሳይፈታ፤ ብዙ ጊዜም ይዘንባል።

እትዬ ሆስፒታል ውስጥ ሞተች። እኔ በዚያ ሰሞን ለሥልጠና ሌላ ከተማ ነበርኩ፤ ስደርስ ተሸፍና አገኘኋት። እንዴት እንደሞተች አጎቴን አልጠየቅኩትም፤ እሱም አላነሣልኝም። ሆድ ይፍጀው ብለን ተውነው። ከቀብሯ ማግስት ጀምሮ ግን ሬዲዮው ተዘጋ። ጋጣ ያጥባል፣ መኖ ያፈሳል፣ ገለባ ይለውጣል፤ ቃል አይወጣውም። አሳማዎቹ እንኳ ግራ ገብቷቸው ቀና ብለው ያዩት ነበር።

በዚያው ሰሞን ከአንዲት እናት አሳማ መጨረሻ ላይ የተወለደች፣ ከጫማዬ የማትበልጥ ግልገል ነበረች። ወንድሞቿ ጡቱን ሁሉ ይዘውባት አንድም አልቀረላትም። እንዲህ ያሉት ምን እንደሚደረጉ እርባታ ውስጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ አልዘረዝረውም። አጎቴ ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ ቤት ይዟት መጣ። ወጥ ቤት፣ ከምድጃው አጠገብ፣ ካርቶን ውስጥ አስተኛት፤ በጡጦ ወተት ሰጣት። ስም አወጣላት፤ «እሜቴ»። ከመኝታ ክፍሌ ሆኜ «እሜቴ አኩርፈሻል? እሜቴ ወተቱ ቀዘቀዘብሽ?» ሲል ስሰማ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደሜ ፈላ። እትዬን በአሳማ የተካት መሰለኝ። በነጋታው ሥራ ስሄድ መንገድ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ሬዲዮው ተከፍቷል። ቆሜ አለቀስኩ።

እሜቴ አደገች። የወንበሩን እግር በላች፣ የማቀዝቀዣውን በር በአፍንጫዋ መክፈት ተማረች፤ ካርቶኑ ጠበባት፣ ቆይቶ ወጥ ቤቱ ጠበባት፤ ወደ እርባታው ተመለሰች። እዚያም እንደ ውሻ አጎቴን ትከተለዋለች። ከሌሎቹ አሳማዎች ጋር ግን አልገጠመችም። ሲቀርቧት ትሸሻለች፣ ሲነኳት ትነክሳለች። ኃላፊያችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን የሚያየው መንጋውን እንጂ አንዷን አይደለም። በሰው እጅ ያደገች አሳማ ለመንጋ አትሆንም ብሎ ነበር። እኔም ውስጤ እውነቱን ነው ብሎኛል፤ ላጎቴ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

መጀመሪያ ስትወልድ ኃላፊው ያለው ደረሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልድ አሳማ አንዳንዴ ግልገሏን ትነክሳለች። ክፋት አይደለም። ምጡ አሳምሟታል፤ ከኋላዋ የወጣውን የሚንጫጫ ነገር አታውቀውም፤ ያሳመማት እሱ ይመስላታል። እሜቴ ደግሞ ከአጎቴና ከጡጦ ሌላ ዘመድ አታውቅም። ከደረስንላቸው በቀር ሁሉንም ፈጀቻቸው። አጎቴ ትንንሾቹን ሬሳ በባልዲ ሲያወጣ አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ኃላፊው ያን ዕለት ቁርጡን ተናገረ፤ ሁለተኛ እንዲህ ካደረገች መኪና ላይ ትወጣለች። መኪናው ወዴት እንደሚሄድ መናገር አላስፈለገውም።

አጎቴ ለመለመን አፉን ሲከፍት ቀደምኩት። የሚቀጥለው ምጧ ሲጀምር ማረጋጊያ እወጋታለሁ፤ ተኝታ ታጠባቸዋለች፤ ስትነቃ ሽታቸውን ለምዳለች፤ ብዙዎቹ በዚህ ይድናሉ አልኩት ለኃላፊው። በራሴ ኃላፊነት ነው ብዬም ጨመርኩ።  ማታ ቤት ከገባን በኋላ አጎቴ የእኔን ቦት ጫማ ከራሱ ጋር አጥቦ በር ላይ አሰልፎት አገኘሁት።

ሁለተኛው ምጥ ከቀትር በፊት ጀመራት። የመውለጃ ክፍሉን አስቀድመን አዘጋጅተነዋል፤ ደረቅ ገለባ፣ ለግልገሎቹ ጥግ ላይ ሣጥን፣ ከላዩ ማሞቂያ አምፖል። የመጀመሪያው ግልገል ሲወጣ እሜቴ ዘወር ብላ አየችው። ከጉሮሮዋ የወጣውን ድምፅ አውቀዋለሁ። ተወርውራ አፏን ስትከፍት አጎቴ አሳማ በምንነዳበት ሰሌዳ ጋረዳት፣ እኔ ግልገሉን ነጠቅኳት። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ ከኋላቸው የመጡትም እንዲሁ። ሣጥኑ ውስጥ ከትተናቸው ከጆሮዋ ኋላ ወጋኋት። መርፌውን ስሰካ አጎቴ እያናገራት ነበር፤ እሷም ለእሱ ስትል ቆማ ተወጋችልኝ።

ከዚያ አጎቴን በክንዱ ይዤ አወጣሁት። «አጎቴ፣ ከአሁን በኋላ አንተም እኔም የለንም» አልኩት። «እስክትተኛ ማንም አይገባም። ብትጮህም አትግባ። ስትተኛ እኔ መጥቼ ግልገሎቹን ጡት አስይዛቸዋለሁ።» ራሱን ነቀነቀ። ደግሜ ነገርኩት፤ አሁንም ነቀነቀ። በሩ አጠገብ ካለው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ።

እዚያው መቆም ነበረብኝ ይሉኝ ይሆናል። ከወዲያኛው ጋጣ ግን ጩኸት ተነሣ። ጠዋት የተቀላቀሉት ወጣት አሳማዎች እርስ በርስ ተያይዘው አንዱን ግድግዳ ላይ አጣብቀው ሊጨርሱት ነው። ሠራተኞቹ «መርፌ! መርፌ!» እያሉ ይጣራሉ። ሄድኩ። በሰሌዳ ለያይተን፣ አንድ በአንድ ወግቼ፣ መብራቱን አጥፍተን እስክንወጣ ድረስ ጊዜ ወሰደ። ያ ጋጣ ፀጥ ሲል ነው የእሜቴን ድምፅ የሰማሁት። ከዚያ አጎቴ ጮኸ። አጎቴ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

የሆነውን በኋላ ቁርጥራጩን ገጣጥሜ ነው የተረዳሁት። እግሮቿ መክዳት ሲጀምሩ እሜቴ ፈራች፤ ሊነሡ እየሞከሩ የሚወድቁ ሁሉ እንደሚያሰሙት ያለ ድምፅ አሰማች። ውጭ ያለው ሰው ጆሮውን ይዞ መቀመጥ አለበት። አጎቴ መቀመጥ አልቻለም። ገባ፤ ገለባው ላይ ተቀምጦ ራሷን ጭኑ ላይ አደረገ፤ ማውራት ጀመረ። እሷም ረጋች። ክፉው ነገር መርጋቷ ነው፤ መድኃኒቱ የያዛት መሰለው። የያዛት ግን እሱ ነበር። ግልገሎቹ ሣጥኑ ውስጥ በረሃብ ሲንጫጩ አንጀቱ አልችል አለ፤ አንሥቶ ከጡቷ ላይ አስቀመጣቸው። ይህን ለማድረግ ደግሞ ራሷን ከጭኑ ማውረድ ነበረበት። እጁ ሲለያትና ከሆዷ ሥር የሚንቀሳቀስ ነገር ሲነካት እንደ አበደች ብድግ አለች። ከፊሎቹን እግሯ እየከዳት ወደቀችባቸው፣ ከፊሎቹን ነከሰቻቸው። ሊያስጥል እጁን ሲሰድ እጁንም ነከሰችው።

ስደርስ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ቀኝ እጁን በግራው ይዟል፣ ደሙ ቱታው ላይ ይንጠባጠባል። ገለባው ላይ ያለውን ማየት አልፈለግኩም፤ ግን አየሁ። እሜቴ አሁን በእርግጥ መድኃኒቱ ይዟት መሃላቸው ተጋድማ ታንኮራፋለች። አምፖሉ ሥር፣ ሣጥኑ ጥግ፣ አጎቴ ገና ያላነሣት አንዲት ግልገል ትንቀጠቀጥ ነበር። እሷን አንሥቼ ለሌላ አራስ አሳማ እንዲሰጧት ላክኋት።

እጁን እያጠብኩ፣ እያሰርኩ፣ ያልተናገርኩት ነገር የለም። ሰው የሚመከረው ለምንድን ነው አልኩት። ሕጉን ያስተማርከኝ አንተ አይደለህም ወይ አልኩት። ምከረው ምከረው እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ብዬ ተረት ሁሉ ተረትኩበት፤ አባቴ በሆነው ሰው ላይ። እሷን ገደልካት፣ ደኅና አድርገህ ገደልካት አልኩት። የታሰረ እጁን ያያል። በመጨረሻ ድምፄ ደከመ። ያን ጊዜ ነው የተናገረው።

«እትዬሽንም እንዲሁ ነው ያሉኝ» አለ። «አንቺ አልነበርሽም። ሕመሙ ጠንቶባት ትጮህ ነበር። ነርሷ መርፌ ወጋቻትና፣ አባባ ይውጡ፣ ሰው አጠገቧ ካለ አትተኛም፣ እረፍት ታድርግ አለችኝ። እትዬሽ እጄን ይዛኝ ነበር። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቅቄ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሲጠሩኝ አልቆ ነበር። ተኝታ ይሁን እየጠራችኝ ይሁን አላውቅም። ያየ ሰው የለም።»

 ነርሷ እውነቷን ነው ልበለው? እኔም ነርሷ ብሆን ያንኑ እለው ነበር። ፋሻውን ደግሜ ፈታሁና እንደገና አሰርኩት፤ የመጀመሪያው ደኅና ታስሮ ነበር።

ኃላፊው መጥቶ አየ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። የአጎቴን ትከሻ መታ መታ አድርጎ «በቃ፣ ምን ይደረግ» አለ። መኪናው ግን በማግስቱ መምጣት አልቻለም። ማረጋጊያ የተወጋ አሳማ መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ ድረስ ቄራ አይገባም። ቀኑን ቆጥሮ የመንገር ሥራው የእኔ ነው፤ ለኃላፊው ነገርኩት።

በእነዚያ ቀኖች እሜቴን ያየ ሰው ነፍሰ ገዳይ ናት ቢሉት አያምንም። ለብቻዋ በሆነ ጋጣ ውስጥ አስገብተናት ነበር። አጎቴ ሲመጣ በሩ ድረስ ወጥታ ትቀበለዋለች፤ የነከሰችውን እጅ ፋሻ ታሸታለች፤ ጎኗን ለማሳከክ ትሰጠዋለች። እሱም በግራ እጁ ያክክላታል። ያወራል። ስለ እትዬ ሲያወራ የሰማሁት ያኔ ነው፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን እንደነበር፣ ከመጋባታቸው በፊት በአውቶቡስ ተሳስተው አንድ ቀን ሙሉ ባዕድ ሰፈር እንደዞሩ። ለእኔ ነግሮኝ የማያውቀውን ለአሳማ ይነግራታል። ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ቆሜ፣ ሥራ ያለኝ መስዬ፣ እሰማ ነበር።

አንድ ቀን እራት ላይ ማንኪያውን አስቀመጠና ጠየቀኝ። «ቀኑ የሚቆጠረው ከመጨረሻው መርፌ ነው አይደል?»

አዎ አልኩት። ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ሳይጨርስ ገብቶኛል።

«እንግዲህ አንድ ጊዜ ብትወጊያት ቀኑ እንደ አዲስ ይጀምራል።»

«ይጀምራል።»

«ቀኑ ሲደርስ ደግሞ እንደገና ብትወጊያት።»

«አጎቴ፣ እስከ መቼ?»

 «እኔ እስክሞት» አለ፤ ፈገግ ሊል ሞክሮ አልሆነለትም። «ሩቅ አይደለም እኮ። ብዙ አትቸገሪም።»

 መርፌው ቦርሳዬ ውስጥ፣ ወንበሩ ላይ፣ አጠገቤ ነበር። ማንም አይጠይቀኝም፤ ቁጡ አሳማ ናት፣ አስቸገረች፣ ወጋኋት ብል ያልፋል። አስቤበታለሁ። ግን እሜቴን ዕድሜዋን ሙሉ እግሯ እየከዳት፣ እየፈራች፣ እያንኮራፋች፣ ደግሞ እየነቃች አየኋት። እሱንም በዚያች በር ላይ፣ ባልዲው ላይ ተቀምጦ፣ መግባትና አለመግባት እየታገለው። አይሆንም አልኩት። ይሄ እሷን ማዳን አይደለም፣ ሁልጊዜ መግደል ነው አልኩት። ማንኪያውን አነሣ። ዳግም አልጠየቀኝም። 

መኪናው ጠዋት መጣ። ለቄራ የምትሄድ አሳማ ማረጋጊያ አትወጋምና የእኔ ቦርሳ ያን ቀን ሥራ አልነበረውም። ሾፌሩና ሁለት ሠራተኞች በሰሌዳ እየገፉ እሜቴን ወደ መወጣጫው አመጧት። የብረቱን ወለል ስትረግጥ ድምፁ አስደነገጣት፤ ወደ ኋላ ተመለሰች። እንደገና ገፏት፤ አንዱን ሠራተኛ ከነሰሌዳው ዘረረችው። ዓይኗ ነጩ ብቻ ቀርቶ ትጮሃለች። ሾፌሩ ሌላ ቦታ የሚጭነው አለኝ ብሎ ከመኪናው ሥር የኤሌክትሪክ ዱላውን አወጣ።

አጎቴ እቤት እንዲውል ነግሬው ነበር። መጣ እንዴ ብዬ ሳልጨርስ በመሃላችን አልፎ የሾፌሩን ክንድ ያዘ። «ያንን መልሰው፣ ልጄ» አለው። መወጣጫው ላይ ወጣና ለእሷ ጀርባውን ሰጥቶ መሄድ ጀመረ። እያወራ። «ነይ እሜቴ፣ ዛሬ ደግሞ ፀሐይ ነው፣ ጉልበቴንም ተወኝ...» እያለ። ጩኸቷ ቆመ። ጆሮዋን ወደ እሱ አቅንታ ተከተለችው፤ ያንኑ የፈራችውን ብረት ረግጣ፣ ቀስ ብላ፣ እስከ ላይ ድረስ። ሠራተኞቹ መሬት መሬት ያያሉ። እኔም ማየት አልቻልኩም። በመርፌ የማይገኝ ነገር በእጁ እንዳለ የማውቅ እኔ፣ ለዚህ ይውላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሊወርድ ሲል ልትከተለው ዞረች። ስለዚህ አልወረደም። እኔ ሾፌሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ እሱ ከኋላ ከእሷ ጋር ሄደ። እንዲህ ያለ ነገር አይፈቀድም ብሎ ሾፌሩ ጀምሮ ነበር፤ ፊቴን አይቶ ተወው። መንገዱን ሁሉ ከኋላችን ድምፁ ይሰማ ነበር፤ ቃሉ አይለይም፣ ድምፁ ብቻ።

ቄራው ንጹሕ ቦታ ነው። የሚመጡት እንስሳት ወዲያው አይታረዱም፤ እንዲረጉ ውኃ ያለበት ማረፊያ ጋጣ ውስጥ ይቆያሉ። የማረፊያው ጠባቂ በሥራ ያውቀኛል። ሽማግሌው ትንሽ ይቀመጥ ስለው ወዲያና ወዲህ አይቶ ፈቀደ። አጎቴ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። እሜቴ ጠጣች፣ ዞረች፣ የማታውቀውን ግድግዳ አሸተተች፤ በመጨረሻ መጥታ ጎኑ ላይ ተደግፋ ተጋደመች። እኔ ከአጥሩ ወዲህ፣ ከፊት ለፊታቸው ቆምኩ።

አሁን እስኪያባርሩት ድረስ አይነሣም ብዬ እየፈራሁ ነበር። ይዘው ሲጎትቱት ማየት አልፈለግኩም፤ እሷ ስትጮህ እሱ ሲጮህ መስማት አልፈለግኩም። እሱ ግን ድምፁን ቀስ በቀስ ዝቅ እያደረገ መጣ። ወደ ሹክሹክታ ወረደ። ከዚያ አቆመ። ዓይኗ ተከድኖ ነበር፤ ጎኗ ከፍ ዝቅ ይላል። እሱ ያኔ ያደረገውን ነገር ከእሱ አልጠበቅኩም። አልነካትም። ቦት ጫማዎቹን በጥንቃቄ አወለቀ፤ በግራ እጁ ይዟቸው፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ሳያስነጥስ ሳያቃስት ተነሣ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አየኝ፤ ለእኔ፣ ዝም በይ ብሎ። በካልሲው በእርጥቡ ሲሚንቶ ላይ እየተራመደ ወደ በሩ ሄደ። ወደ ኋላ አልዞረም።

እኔ ግን ፊቴ ወደ እሷ ነበር። ከበሩ ሲደርስ ዓይኗን ከፈተች። ራሷን ቀና አደረገች። አጠገቧ ያለውን ባዶ ቦታ በአፍንጫዋ ነካችው፤ ከዚያ ጆሮዋን ወደ በሩ አቅንታ መጠበቅ ጀመረች። አልጮኸችም። የሚመለስ መስሏት ይሆናል።

ውጭ፣ ከግንቡ ሥር፣ የሲሚንቶ ደረጃ ላይ አገኘሁት። ካልሲው ርሷል። ጫማውን ሊያደርግ ይሞክራል፤ የተነከሰው እጁ አልታዘዝ ብሎታል። ጎንበስ ብዬ አንዱን እግሩን ያዝኩ። መኪናዎች ይገባሉ ይወጣሉ፤ ማንም አላየንም። እንባው በጢሙ ውስጥ ይወርዳል፤ እሱ ግን ያወቀው አይመስልም።

«እንዳልሽው አደረግኩ» አለኝ። «አልነካኋትም።»

«አይቻለሁ፣ አጎቴ።»

ጫማው ግማሽ ገብቶ አልገባ አለኝ። እሱ ከላይ ሆኖ ፊቴን እያየ እንደሆነ ይታወቀኛል፤ ቀና አላልኩም።

«አልነቃችም አይደል?»

«አልነቃችም» አልኩት። «እንደተኛች ናት።» ማሰሪያውን አጠበቅኩለትና ሌላውን እግሩን አነሣሁ።